ሚንቲን ፍለጋ

ዛሬ እረፍት ነበርኩ። ላፕቶፕ ላይ ተጥጄ የሃሪየት ተብማንን ዘር ስቆጥር ዋልኩ። እዚሁ ሜሪላንድ በባርነት ተወልዳ፣ አምልጣ፣ ሌሎችንም ያስመለጠችው ጀግና ናት። ሜሪላንድ እየኖሩ እሷን ማለፍ አይቻልማ!

እናቷ ሪት፣ አባቷ ቤን። አያቷ ሞደስቲ ከአፍሪካ በመርከብ ተጭና የመጣች ናት። ከዚያ ወዲያ ገመዱ ብጥስ! እኛ ለጋብቻ እንኳ ሰባት ቤት እንቆጥራለን።

እንደ ፈረንጆቹ በ1850 የተካሄደውን የባሪያዎች ቆጠራ ከፈትኩ። ዕድሜ፣ ጾታ፣ የቆዳ ቀለም። በቃ። ስሙ የተጻፈው የጌታው ብቻ ነው።

እሷን በስም ያገኘኋት የት መሰላችሁ? በ1849 እመቤቷ ጋዜጣ ላይ ባወጣችው የፍለጋ ማስታወቂያ። ከሁለት ወንድሞቿ ጋር ጠፍታለች፤ ወረታው ለሦስቱ 300 ዶላር። «ሚንቲ፣ ዕድሜዋ 27 ገደማ፣ ቁመቷ አምስት ጫማ አካባቢ» ይላል። ሚንቲ የሃሪየት የልጅነት ስሟ ነው።

«መልከ መልካም» የሚልም ጨምረውበታል። እሷን ቃል ደጋግሜ ሳነብ ቡናዬ ቀዘቀዘ።