በድሬዳዋና በሐረር መካከል የሚያልፈው መስመር፦ የስምንት ወር የዲፈረንሻል ጂኦሜትሪ ማስታወሻዬ

ባለፈው ጥቅምት ዲፈረንሻል ጂኦሜትሪን፣ ማለትም የጎበጡ ነገሮችን ሒሳብ፣ ለብቻዬ መማር ስጀምር የደረስኩበትን አካፍላችኋለሁ ብያችሁ ነበር። ይኸው ግንቦት ገባ። የድሬ ሙቀት ቤት አላስቀምጥ ስላለ ማታ ማታ ግቢ ውስጥ ወንበር አውጥቼ ነው የማነበው። ሥራዬ ቅየሳ ነው። ቀን ቶታል ስቴሽን ከሚባለው ርቀትና ማዕዘን መለኪያ መሣሪያ ጋር እውላለሁ፤ ከምሽቱ ሁለት እስከ አራት ሰዓት እማራለሁ። ዛሬ ያነበብኩትን ሁሉ አልዘረዝርም። ለዓመታት ከሠንጠረዥ እያወጣሁ ስሠራበት የኖርኩት አንድ ቁጥር ከየት እንደመጣ አሁን ስለገባኝ እሱን ልንገራችሁ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ከድሬዳዋ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ የተለኩ ነጥቦችን ከሁለት ፋይል አምጥቼ ኮምፒውተር ላይ አንድ ላይ ከፈትኳቸው። ድሬዳዋ ቦታዋ ላይ ነች። ሐረር ግን ከድሬዳዋ 630 ኪሎሜትር ወደ ምዕራብ ሄዳ፣ ነቀምትን አልፋ ወለጋ ውስጥ ተቀምጣለች። ደነገጥኩ። መሣሪያው የተበላሸ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ስፈትሽ ዋልኩ። ነገሩ ሌላ ነበር። ዩቲኤም የሚባለው የካርታ ሥርዓት ምድርን በየ6 ዲግሪ ሎንጊትዩድ (ኬንትሮስ) ቆራርጦ 60 ዞን ያደርጋታል። የ37ኛውና የ38ኛው ዞን ድንበር 42 ዲግሪ ምሥራቅ ነው፤ ይህ መስመር ደንገጎን ወጥተን ሐረማያ አካባቢ ስንደርስ መንገዳችንን ያቋርጣል። ድሬዳዋ በ37ኛው ዞን ወደ ምሥራቅ የሚቆጠረው ቁጥሯ 814 ሺህ ሜትር ገደማ ነው። የሐረር በ38ኛው 184 ሺህ ገደማ ነው። እያንዳንዱ ዞን የራሱ መነሻ አለው፤ ሁለቱን ቁጥሮች አንድ ወረቀት ላይ ካስቀመጥናቸው ሐረር ወለጋ ትገባለች።

ያኔ ሶፍትዌሩ ላይ ከአንዱ ዞን ወደ ሌላው ቀይር የሚለውን ነክቼ ሥራዬን ቀጠልኩ። ባለፈው ታኅሣሥ የማኒፎልድን ትርጉም ሳነብ ያ ቀን ትዝ አለኝ። ማኒፎልድ ማለት በየአካባቢው ጠፍጣፋ ካርታ ሊሠራለት የሚችል፣ በሙሉው ግን ጠፍጣፋ መሆን የማይጠበቅበት ነገር ነው። አንዱን ካርታ ቻርት ይሉታል፣ የካርታዎቹን ስብስብ አትላስ። ሁለት ቻርቶች በሚደራረቡበት ቦታ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው የሚያሻግር፣ የፈለግነውን ያህል ጊዜ ዲፈረንሺዬት ሊደረግ የሚችል፣ ማለትም ስብራት የሌለው ለስላሳ ፈንክሽን (ማሻገሪያ ቀመር) መኖር አለበት። ሐረማያ ላይ የነካሁት ይህንን ፈንክሽን ነበር። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ሪማን እ.ኤ.አ. በ1854 ጎቲንገን ላይ በሰጠው ንግግር ይህንን ሐሳብ ለማንኛውም ዳይሜንሽን ከፍቶታል።

ታዲያ አንድ ካርታ ለምን አይበቃም? ይህንን ሌላው ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ ጋውስ በ1827 መልሶታል። ጋውስ ራሱ የሃኖቨርን ምድር ሲቀይስ ዓመታት ያሳለፈ ሰው ነው፤ ይህንን ሳውቅ በጣም ቀረበኝ። ያረጋገጠው ይህ ነው፦ የአንድ ገጽ ጉብጠት ከውጭ ሳይታይ፣ እዚያው ገጹ ላይ በሚለካ ርቀት ብቻ ይታወቃል። ርቀትን ሳያዛባ የሚገለብጥ ካርታ ቢኖር ጉብጠቱንም አብሮ መያዝ ነበረበት። የወረቀት ጉብጠት ዜሮ ነው፤ የኳስ ግን አንድ ሲካፈል ለሬዲየሱ ስኩዌር። ስለዚህ ምድርን ያለ መዛባት ወረቀት ላይ ማስፈር አይቻልም። እንጀራ ይጠቀለላል፤ ኳስ አልብሱበት ብትባሉ ግን ወይ ይቀደዳል ወይ ይታጠፋል። ድሬዳዋ ላይ በሜዳ የለካሁትን 1 ኪሎሜትር የዩቲኤም ካርታ 60 ሴንቲሜትር ያህል ያስረዝመዋል። ይህንን ማረሚያ ሁሌም እናሰላለን፤ የማይቀር መሆኑ የተረጋገጠ ነገር እንደሆነ ግን አላውቅም ነበር።

የግቢያችን እናት፣ ሁላችንም አዴ የምንላቸው፣ ስፌት ይሰፋሉ። አንድ ማታ የጋውስን ነገር ስታገል አጠገቤ ተቀምጠው አለላውን በወስፌ እያስገቡ ሰፌድ ይጀምሩ ነበር። «አዴ፣ ሰፌዱ ለጥ ብሎ እንዲወጣ ምን ያደርጋሉ?» አልኳቸው። «ዙሩ ሲጠብቅብህ ይሰበሰብና እንደ ሌማት ክዳን ይጎብጣል፤ ሲላላብህ ጠርዙ ይወላገዳል። ልኩን እጅህ ያውቀዋል ልጄ» አሉኝ። የኳስ ጉብጠት ማለት ክቡ ከመሃሉ ባለው ርቀት ልክ ሊኖረው ከሚገባው ያነሰ ዙሪያ ሲኖረው ነው፤ የኮርቻ ጉብጠት ደግሞ ሲበልጥ። አዴ በእጃቸው የሚያውቁት ይህንኑ ነው።

የራሴን ስሌትም ሠርቻለሁ። ኳስ ላይ የተሠራ ትሪያንግል ማዕዘኖቹ ሲደመሩ ከ180 ዲግሪ ይበልጣሉ፤ ትርፉ ስፋቱ ለሬዲየስ ስኩዌር ሲካፈል ነው። ድሬዳዋን፣ ሐረርንና ጅጅጋን ባገናኝ ስፋቱ 1,260 ካሬ ኪሎሜትር ገደማ ይመጣል፤ ትርፉም 6 ሴኮንድ ይሆናል፣ የማዕዘን ሴኮንድ ማለቴ ነው፣ የአንድ ዲግሪ 3,600ኛ ክፍል። ጋውስ በሦስት ተራሮች ጫፍ የሠራው ትልቁ ትሪያንግል ትርፉ 15 ሴኮንድ ያህል ነበር።

አሁን ወደዚያ ቁጥር ልምጣ። የካርታው ሰሜንና የእውነተኛው ሰሜን አይገጥሙም፤ በመካከላቸው ያለውን ማዕዘን ኮንቨርጀንስ እንለዋለን። ቀመሩ ከዞኑ መሃል ያለው የሎንጊትዩድ ልዩነት ሲባዛ በላቲትዩዱ (በኬክሮሱ) ሳይን ነው። ሐረማያ ላይ ከሁለቱም ዞኖች መሃል 3 ዲግሪ እንርቃለን፤ ስለዚህ በአንዱ ካርታ ግማሽ ዲግሪ ወደ አንድ ወገን፣ በሌላው ግማሽ ዲግሪ ወደ ሌላው። እዚያው የቆመ አንድ ችካል በሁለቱ ካርታዎች ሰሜኑ ወደ 1 ዲግሪ ይለያያል፤ ይህ በ1 ኪሎሜትር ውስጥ 17 ሜትር ነው። ሳይኑ ለምን እንደገባ ግን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

መጋቢት ላይ ፓራለል ትራንስፖርት የሚለው ምዕራፍ ላይ ደረስኩ። ጣሊያናዊው የሒሳብ ሊቅ ሌቪ ቺቪታ በ1917 ያወጣው ሐሳብ ነው፦ በጎበጠ ገጽ ላይ አንድን ቀስት ወደየትም ሳያዞሩ ይዞ መሄድ። ሦስት ሳምንት አልገባኝም። አንድ ማታ ለውዝ ገዝቼ፣ ከጨረስኩ በኋላ ሾጣጣውን መጠቅለያ ወረቀት ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት፤ ያኔ ነው የበራልኝ። በሐረር ላቲትዩድ ዙሪያውን ምድርን የሚነካ ኮን ብናለብሳት ኮኑ ልክ እንደ ለውዝ መጠቅለያ ቀጭንና ሹል ይሆናል። ሲፈታ ጠፍጣፋ ነው፤ ጠፍጣፋ ወረቀት ላይ ደግሞ ቀስትን ሳያዞሩ መያዝ ቀላል ነው። ሰሜን ማለት ወደ ኮኑ ጫፍ ነው። በላቲትዩዱ ዙሩን ጨርሰን ስንመለስ ሰሜን ከቀስቱ የተለየበት ማዕዘን የተዘረጋው ወረቀት ማዕዘን ነው፤ 360 ሲባዛ በላቲትዩዱ ሳይን፣ ለሐረር 58 ዲግሪ። ለሙሉ ዙር 58 ከሆነ ከዞኑ መሃል እስከ ሐረማያ ላለው የ3 ዲግሪ ጉዞ ግማሽ ዲግሪ ነው። ያው የሠንጠረዡ ቁጥር! ተነሥቼ ግቢውን ዞርኩ። ዋልታው ላይ ኮኑ ለጥ ያለ ክብ ሆኖ 360 ይመጣል፣ ኢኳተር ላይ ሲሊንደር ሆኖ ዜሮ። ሁለቱንም በወረቀት ቆርጬ አረጋገጥኩ።

ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ፎኮ በ1851 ፓሪስ ላይ ያንጠለጠለው ፔንዱለምም (በሽቦ ተንጠልጥሎ የሚወዛወዝ ክብደት) የመወዛወዣ አቅጣጫው የሚዞረው በዚሁ ሳይን ነው፤ እዚያ በቀን 271 ዲግሪ ገደማ፣ ሐረር ላይ ቢሰቀል 58።

ፊዚክሱ ላይ ገና ደጃፉ ነኝ። አይንስታይን በ1915 ስበትን የስፔስና የጊዜ ጉብጠት አድርጎ ሲጽፈው የሒሳቡን መንገድ ያሳየው ወዳጁ ግሮስማን ነበር። በቀድሞው የኒውተን ስሌት ያልተገለጸው፣ የሜርኩሪ ምህዋር በመቶ ዓመት 43 የማዕዘን ሴኮንድ ተጨማሪ መዞር በዚያ ተፈታ። ለእኔ ቅርቡ ጂፒኤሱ ነው፤ የሳተላይቶቹ ሰዓት ከምድር ሰዓት በቀን 38 ማይክሮሴኮንድ ይቀድማል። ይህ ባይታረም ስህተቱ በአንድ ቀን ከ10 ኪሎሜትር በላይ ይደርስ ነበር፤ እኔ ደግሞ በሴንቲሜትር ነው የምሠራው።

የቸገረኝ ክሪስቶፈል ሲምቦል ነው፤ ቀስት በጎበጠ ገጽ ላይ ሳይዞር ሲሄድ ቁጥሮቹ እንዴት እንደሚለወጡ የሚናገሩ ምልክቶች ናቸው። ኳስ ላይ ካሉት 8ቱ ዜሮ ያልሆኑት 3 ብቻ ስለሆኑ በእጄ ጨርሻቸዋለሁ፤ አንዱ የላቲትዩድ ሳይን በኮሳይን ተባዝቶ ነው፣ ያቺ ሳይን እዚያም አለች። በአራት ዳይሜንሽን ግን የተለያዩት 40 ይሆናሉ፤ ኢንዴክሶቹ (ከጎናቸው የሚጻፉት ትንንሽ ፊደላት) ይጠፉብኛል። በሠንጠረዥ መልክ የምታሰሉበት ዘዴ ያላችሁ ጻፉልኝ።

ክረምቱ ሳይገባ ጁገል ውስጥ ጣራው ከፍ ያለ ቤት ያለው ወዳጄ ጋ ፔንዱለም ልሰቅል ነው። በሰዓት 2.4 ዲግሪ መዞር አለበት። ሽቦው አለኝ፤ ከ5 ኪሎ ያላነሰ ድቡልቡል ብረት ያላችሁ ድሬ ወይም ሐረር የምትኖሩ ብታውሱኝ ቅዳሜ መጥቼ እወስዳለሁ።