ከእሬቱ ውስጥ የሚወጣው

ጥቅምት ሲገባ ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው ቆዳዬ ነው። ዝናቡ አበቃ ሲባል ያ ደረቅ የጠዋት ብርድ ይከተልና እጄ ነጭ ነጭ ይላል፣ ከንፈሬ ይሰነጠቃል፣ ፊቴ በታጠብኩት ቁጥር ይወጠራል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት ሰዎች ለሆድ አስበዋል፤ ለቆዳ የሚሆንም ቢጨምሩበት ምን ነበረበት! እኔም ሰሞኑን ማታ ማታ ሥራዬ ሁሉ የሚያሙለጨልጭ ነገር ሆኗል። አንዱን ቀን እሬት፣ ሌላውን ቀን ተልባ።

እሬቱ ያለው በረንዳ ላይ፣ አፉ በተቆረጠ አሮጌ የዘይት ጀሪካን ውስጥ ነው። ውሃ ብረሳውም ይችለዋል፣ ሳበዛበት ግን ሥሩ ይበሰብሳል። የምቆርጠው ከዳር ያለውን፣ የበሰለውንና ወፍራሙን ቅጠል ነው፤ የመሃሉን አልነካም፣ ገና ነው። ቢላው እንዳለፈበት መጀመሪያ የሚወጣው ግን ሰው ለፊቱ የሚፈልገው ነገር አይደለም። ከልጣጩ ሥር ቢጫ ፈሳሽ ይንጠባጠባል። ጣት ላይ ይጣበቃል፣ ልብስ ከነካ ለቅቆ አይለቅም፣ ሽታውም ከበድ ይላል። እናቶች ልጅ ጡት ሲያስጥሉ ጫፉ ላይ የሚቀቡት ይህንኑ መራራ ነው። አሎይን የሚባል ነገር አለበት፤ የጠጣውን ሰው ሆዱን ያስቀምጠዋል፣ ቆዳ ላይ ሲቀር ደግሞ አንዳንዱን ሰው ያሳክከዋል። አሜሪካ ውስጥ ከዚህ ቢጫ ፈሳሽ የሚሠራ የድርቀት መድኃኒት ለብዙ ዘመን እንደ ልብ ሲሸጥ ቆይቶ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከሚሸጡት ዝርዝር ወጥቷል። ሰው ግን ዛሬም «ተፈጥሮ ነው» ብሎ ቅጠሉን ከነልጣጩ ፈጭቶ ይጠጣል። መርዝም ተፈጥሮ ነው እኮ።

ቅጠሉን የተቆረጠውን ጫፍ ወደ ታች አድርጌ ብርጭቆ ውስጥ አቆመዋለሁ፤ ቢጫው ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ሻይ ይጠጣል። ከዚያ አጥቤ ሁለቱን እሾሃማ ጠርዞች በቢላ አነሳለሁ፣ ጠፍጣፋውን ልጣጭ እገፍፋለሁ። ብርሃን የሚያሳልፍ ጥርት ያለ ሥጋ ይቀራል። ሳህን ላይ ሳኖረው ተንሸራቶ ዳር ይደርሳል፣ በጣቴ ስመልሰው ከጣቴ ያመልጣል። እንደገና አጥበዋለሁ፤ አረንጓዴው በተገፈፈበት በኩል ቢጫ ጭረት ከቀረ ያስታውቃል፣ እሱን በቢላው አፍ ፋቅ ፋቅ ማድረግ ነው። እዚህ ላይ መቸኮል አልወድም። የእሬት ነገር ሁሉ ያለው መራራውን ከለዘብተኛው በመለየቱ ላይ ነው፣ የቀረው መቀባት ብቻ ነው።

ያ ጥርት ያለው ሥጋ ታዲያ 99 በመቶ ገደማው ውሃ ነው። ይህን ሳነብ ብዙ ሰው ቅር ይለው ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ እኔን ግን ደስ አለኝ። በቀረችው 1 በመቶ ውስጥ አሴማናን የሚባለው ረጅም የስኳር ሰንሰለትና መሰሎቹ አሉ፤ ውሃውን አስረው እንዳይፈስ ያደረጉት እነሱ ናቸው። ተራ ውሃ ፊት ላይ ቢረጭ ወዲያው ወርዶ ይሄዳል። ይሄ ግን የተቀመጠበት ቦታ ይቆያል፣ ቀስ እያለ ይተናል፣ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ቅዝቃዜው ከዚያ ነው የሚመጣው። የሚያቃጥል ነገር ሲበርድልኝ ሌላ ተአምር አልጠይቅም።

ተአምር የሚጠይቁ አሉ። መጨማደድ ያጠፋል፣ ማድያት ያነሳል፣ ፀሐይ ይከላከላል ሲባል እሰማለሁ። ፀሐይማ አይከላከልም፤ ተቀብቶ እኩለ ቀን ላይ መውጣት ባዶ ፊት ይዞ መውጣት ነው። አንድ ሌላ ነገርም አለ፣ እንደኔ ደረቅ ቆዳ ላላት ሴት ዋናው እሱ ይመስለኛል፦ ያ ጥርት ያለው ሥጋ፣ ማለትም ጄሉ፣ ሲደርቅ ስስ ሽፋን ትቶ ፊትን ጭምድድ ያደርጋል። ብቻውን ከተተወ ውሃው ተኖ ያልቃል። ስለዚህ ገና እርጥብ እያለ ከላይ ትንሽ ቫዝሊን ወይም ቅባት ማሳለፍ ነው፤ ጄሉ ውሃውን ያመጣል፣ ቅባቱ በሩን ይዘጋል።

ባለፈው እሑድ ታች ቤት ያሉት እማማ እጃቸውን ይዘው መጡ። እንጀራ ሲያወጡ የምጣዱ ጠርዝ ነክቷቸዋል።

«ልጄ፣ ከዚያች እሬትሽ ቁረጪልኝ።»

«እቆርጥልዎታለሁ እማማ፣ ቅድሚያ ግን ቧንቧው ሥር ያድርጉት።»

«ውሃማ ውሃ ያስቋጥረዋል ይባል የለ እንዴ?»

«የሚያስቋጥረው ሙቀቱ ነው እንጂ ውሃው አይደለም። 20 ደቂቃ ይታገሡኝ።»

«20 ደቂቃ! ሊጡ ይጠብቀኛል መሰለሽ?»

እያጉረመረሙ ቆሙ። እኔም ወሬ እያመጣሁ አቆየኋቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ፈተና፣ የጤፉን ዋጋ፣ የማናነሳው አልነበረም። ቀላል ቃጠሎ ላይ ከሁሉ የሚቀድመው ይህ ቀዝቃዛ የሚፈስ ውሃ ነው፤ የጥርስ ሳሙናም ሊጥም እንቁላልም አይደለም። ቆዳው አልተላጠም ነበርና ከቀዘቀዘ በኋላ ጄሉን ቀባሁላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. ስለ መድኃኒት ዕፅዋት ባወጣው ጽሑፍ ላይ የእሬት ጄል አለ፤ ለቀላል ቃጠሎ ተስፋ የሚሰጡ ጥናቶችም አሉ። ውሃ የቋጠረና ጠልቆ የገባ ቢሆን ግን በረንዳዬ ላይ ምንም መድኃኒት የለም፣ ጤና ጣቢያ ነው።

ከሱቅ የሚገዛው ጄል አንዳንዴ አረንጓዴ ነው። የእሬት ውስጡ አረንጓዴ አይደለም፤ ያ ቀለም ነው። ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ሲነበብ መጀመሪያ የሚጻፈው ብዙ የገባው ነው፣ እየወረደ ሲሄድ ያንሳል። እሬቱ ከሽቶው በታች ከተጻፈ ስሙ ብቻ ነው የተጨመረው ማለት ነው። አልኮል ከፊት ከመጣ ደግሞ ለደረቅ ቆዳ ባይገዛ ይሻላል። እንዳይበላሽ የሚጨመርበት ኬሚካል መኖሩ ግን አያስቆጣኝም። የኔ ትኩሱ ፍሪጅ ውስጥ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ቀለሙም ሽታውም ይለወጣል፤ ያኔ ይጣላል።

ተልባው ይቀለኛል። አንድ እጅ ተልባ ለስምንት እጅ ውሃ፣ ለቀም ታጠብ አድርጎ መጣድ፣ እንዳይዝ ማማሰል። ተልባ ምጣድ ላይ እንጂ ድስት ውስጥ አይንጫጫም፤ ዝም ብሎ አረፋ ያወጣል፣ ከዚያ ውሃው ይከብዳል። ከማንኪያው ላይ እንደ እንቁላል ነጭ መዝለግለግ ሲጀምር ወዲያው ማውረድና ትኩስ እያለ ማጥለል ነው። ከቀዘቀዘ ፍሬውና ጄሉ አይለያዩም፤ የፈለገ ቢጨመቅ ጨርቁ አይለቅም። የተልባ ልጣጭ ራሱ ነው ይህን የሚሠራው። በጾም የምንጠጣው ተልባ ጉሮሮ ላይ የሚለሰልሰው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፌጦም ሲዘፈዘፍ እንዲሁ ያደርጋል። ልጆቹ ለጸጉር ነው የሚፈልጉት፣ እኔ ለእጄ። አዲስ ነገር ስቀባ ግን፣ ተልባም ቢሆን፣ ክንዴ ውስጠኛው ላይ ትንሽ ነክቼ እስከ ማግስቱ እጠብቃለሁ።

እህቴ ኦማን፣ ዋና ከተማው ማስካት ነው ያለችው። ቀን ሙሉ በአየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ) ውስጥ ስለምትውል ቆዳዋ ከኔ ይብሳል። ትናንት ደውላ «የሀገሬን እሬት ሰው ሲመጣ ላኪልኝ» አለች። ሳቄ መጣ። ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ከ40 በላይ የእሬት ዓይነቶች አሉ፣ እውነት ነው፤ ገደል ላይ ቀይ አበባ አውጥተው የምናያቸው የኛ ናቸው። እነሱን ግን ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገር በዓለም አቀፍ ስምምነት ክልክል ነው። እኔ ጀሪካን ውስጥ የተከልኩት አሎቬራ ከዚያ ገደብ ነጻ ነው፤ ነገር ግን የትውልድ ቦታው የሰሜን ኦማን ተራራ ነው። ማለትም ከእሷ ቤት ጀርባ።

ይህንን ብነግራት አላመነችም። «እዚህ ያለው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ሱፐርማርኬት የሚሸጠው ነው፤ እኔ ያንቺን ነው ያልኩሽ» ብላ ስልኩን ዘጋች። ቅዳሜ የሚሄድ ሰው አለ ተብሏል፤ ግማሽ ኪሎ ተልባ ለቅሜ አስቀምጫለሁ። የእሬቱን ነገር ከተራራው ጋር ትጨርስ።