ሁለት ላይ ለቀቀን

ሦስት ሳምንት ሆነው። አሁንም ማታ ልተኛ ስል ያቺ ቪዲዮ ጣሪያው ላይ ትጀምራለች።

የእህቴን ልጅ ካርኒቫል ልውሰድሽ ያልኳት እኔው ነኝ፤ እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የኔ ነው። ያሰብኩት ግን ያን ቀስ ብሎ የሚዞረውን የእንጨት ፈረስ ነበር። እሷ 12 ዓመቷ ነው፤ ፈረሱን አይታ በአዘኔታ ሳቀች። ከዚያ በሁለት ረጃጅም ማማዎች መሃል ሁለት ሰው ይዞ ወደ ሰማይ የሚፈናጠረውን የብረት ኳስ አየች። «ጋሼ፣ ያ!»

እኔ ስፈራ አልሮጥም፤ አስረዳለሁ።

ወረፋው ረጅም ስለነበር ትምህርቱም ረዘመ። «አየሽ ሚጣዬ፣ ይሄ ያው ወንጭፍ ነው። ሁለቱ ማማዎች ባላው ናቸው፣ ያ ወፍራም ገመድ ላስቲኩ ነው፣ ድንጋዩ ደግሞ...» ድንጋዩ ማን እንደሆነ ሲገባኝ ቶሎ ብዬ ወደ ማግኔቱ ተሻገርኩ። «ኳሷን ታች ይዞ የሚያቆያት ኤሌክትሮማግኔት ነው። ኤሌክትሪክ እስካለ ድረስ ጥርቅም አድርጎ ይይዛታል። ላስቲኩ ከላይ ተወጥሮ ይጠብቃል። ልጁ ኤሌክትሪኩን ሲያቋርጠው ማግኔቱ ይለቃል፣ በቃ።»

«ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ነው የሚሠራው?»

«አዎ» አልኳት። ከዚያ በኋላ ተራችን እስኪደርስ የካርኒቫሉን አምፖሎች አንድ በአንድ ስከታተል ነበር።

ስለ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ስለ ሮበርት ሁክም ነግሬያታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1676 ሌላ ሰው እንዳይነጥቀው ብሎ ግኝቱን ፊደሎቹን በታትኖ እንደ እንቆቅልሽ አሳተመው፤ በ1678 ራሱ ፈታው። የተሳበ ነገር በተሳበበት ልክ መልሶ ይስባል ነው ነገሩ። «ሁለት እጥፍ ብትስቢው ኃይሉ ሁለት እጥፍ ነው፤ ውስጡ የሚጠራቀመው ጉልበት ግን አራት እጥፍ!» ላስቲክ ይህን ሕግ እንደ ስፕሪንግ አክብሮ እንደማይዝ፣ ላስቲኩን ትተው በመቶዎች የሚቆጠሩ የብረት ስፕሪንጎች የሚጠቀሙ እንዳሉም አከልኩላት። ከፊታችን የቆሙት ሰዎች ዘወር እያሉ ያዳምጡኝ ነበር። ደስ አለኝ። እነዚህን ሰዎች ያዙልኝ፣ እመለስባቸዋለሁ።

ተራችን ደረሰ። ማሽኑን የሚያሠራው ልጅ ቀበቶውን እያጠበቀ «ፋዘር፣ መነጽሩን» አለኝ። ፋዘር! ባይገርማችሁ ሰላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። መነጽሬንም ስልኬንም ሰጠሁት። «ከሦስት ወደ ታች እቆጥራለሁ» አለ።

እኔ ደግሞ ወደ ልጅቷ ዞሬ፣ «እንግዲህ አሁን ላስቲኩ ውስጥ ያለው ጉልበት...»

«ሦስት፣ ሁለት...»

ለቀቀን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ልጁ ብቻ አይደለም። መርፌ የሚወጋውም፣ ጥርስ የሚነቅለውም፣ ፕላስተር የሚልጠውም እንደዚሁ ነው። «እቆጥራለሁ» ብሎ ቃል ገብቶ ቁጥሩ ሳያልቅ ይፈጽመዋል። አንድ የሚባለው ቁጥር ምን በደላችሁ? ሰው እንዳይወጠር ነው ይላሉ። ልወጠራ! ላስቲኩ እንኳ መጀመሪያ ተወጥሮ አይደል?

ወደ ጉዳዬ። ስትለቀቅ ክብደትህ ሦስት አራት እጥፍ ይሆናል። ጉንጬ ጆሮዬ ጋ ሄደ፤ አንጀቴ ወረፋው ላይ ቀረ። ከዚያ ላይ ስትደርስ ላስቲኩ ይላላል። የሚስብህ የለም፣ የሚገፋህ የለም፣ ለአፍታ ክብደት የሚባል ነገር የለህም። ጸጥ ይላል። በዚያ ጸጥታ መሃል፣ እኔ፣ ሮበርት ሁክን ወክዬ የመጣሁት ሰውዬ፣ ጥርት ባለ ድምፅ፦

«ወራጅ አለ!»

አልጮህኩም እኮ። ጩኸት ቢሆን ማን ይፈርድብኛል? በጨዋ ደንብ፣ ረዳቱ እንዲሰማኝ ያህል ነው ያልኩት። ቀኝ እጄንም አንስቻለሁ፤ ጣሪያውን መታ መታ ላደርግ። ጣሪያ የለውም።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ይህን ሳብሰለስል ነው የከረምኩት። ሰው እናቱን ይጠራል፣ አምላኩን ይጠራል፤ እኔ ረዳት ጠራሁ። የት ልወርድ ነበር? ከደመናው በፊት ነው ከደመናው በኋላ? የደረስኩበት መደምደሚያ፣ አእምሮዬ ተደናግጦ ሲፈልግ ዕድሜዬን ሙሉ የሚሄድ ነገር ያስቆመልኝ ብቸኛ ቃል ይሄ ሆኖ ስላገኘው ነው የሚል ነው። አጠገቤ ያለችው ልጅ ግን ዓይኗን እንኳ ሳታርገበግብ፣ «የት ጋ?» አለችኝ።

አንዴ ብቻ ብለው ጥሩ ነበር። ኳሷ ወርዳ መልሳ ትነጥራለች፤ በነጠረች ቁጥር እደግመዋለሁ። አንዱን እንዲያውም ኳሷ ተገልብጣ በጭንቅላቴ ተዘቅዝቄ ነው ያልኩት። ላስቲክ በተሳበና በተላላ ቁጥር ከጉልበቱ ከፊሉን ወደ ሙቀት ስለሚለውጠው ንጥረቱ እያጠረ ይሄዳል። ድምፄም አብሮት አጠረ። መጨረሻ ላይ «ወራጅ...» ብቻ ነው የሚሰማው፣ ሒሳብ ከፍሎ መልስ እንደተከለከለ ሰው።

ይህን ሁሉ እንዴት አወቅሁ? ፊታችን ላይ ካሜራ ተገጥሟል። ቪዲዮውን ሊሸጡልህ ስለሚፈልጉ ገና ቀበቶህ ሳይፈታ ወረፋው ፊት ለፊት ባለው ትልቅ ስክሪን ያሳዩታል። ያዙልኝ ያልኳችሁ ሰዎች ደግሞ ወርደው የራሳቸውን ሊያዩ እዚያው ቆመዋል። አንደኛው እንባውን እየጠረገ፣ «አስተማሪው!» አለ። የራሴን ውርደት በገንዘቤ እንድገዛ! አልገዛም አልኩ። በእልህ።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 1979 እንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ ውስጥ ከክሊፍተን ድልድይ ላስቲክ ታስረው የዘለሉትን ሰዎች ፖሊስ ይዟቸዋል። እነሱ ወደ ታች ነው የዘለሉት። ነገሩን ገልብጦ ሰው ወደ ላይ የሚወነጭፈውን፣ ካሜራም የጨመረበትን፣ ማን ይጠይቀው?

ባልገዛም ለውጥ የለውም። ልጅቷ ስክሪኑን በስልኳ ቀርፃ ቤት ሳንደርስ ለእናቷ ልካዋለች። አሁን እህቴ ቤት ማንም ከሶፋ ሲነሳ «ወራጅ አለ» ሳይል አይነሳም።

ባለፈው ቅዳሜ ከልጅቷ ጋር ታክሲ ተሳፈርን። መውረጃችን ደረሰ። አፌን ከፈትኩ፤ እሷ ቀና ብላ አየችኝ። አፌን ዘጋሁ። አለፍነው። ቀጣዩንም አለፍነው። ሌላ ሰው እስኪወርድ እየጠበቅሁ በመስኮት ውጭ ውጭውን አያለሁ።

ጠጋ አለችና በጆሮዬ፣ «ጋሼ፣ መብራት እስኪጠፋ እየጠበቅክ ነው?»