ስድስተኛዋ ላይ የሚደናቀፈው ተማሪ

ኮንሰርቱ ሁለት ሳምንት ቀርቶታል። አንድ የፒያኖ ተማሪ የሞዛርትን 12 ቫሪዬሽኖች (አንድ ዜማ መልኩን እየቀየረ የሚመላለስባቸውን ክፍሎች) ይዞ ስድስተኛዋ ላይ በመጣ ቁጥር ይወድቃል። ዜማውን የማያውቅ የለም፤ እኛ ጋ ልጆች «ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ» የሚሉበት ነው። መሠረቱ የፈረንሳይ ዜማ ሲሆን የሞዛርት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1785 ቪየና ታተመ። የሕፃን ዜማ ነው ብሎ የሚንቀው ተማሪ ብዙ ነው።

«ቲቸር፣ ለብቻዋ ስጫወታት እኮ አትከብደኝም» አለ ልጁ።

እውነቱን ነው። ለብቻዋ ሲሆን የግራ እጁ ጥርት ብሎ ይሮጣል። ከመጀመሪያው ተነሥቶ ሲመጣ ግን አራተኛው ባር (እዚህ ሥራ ላይ አንዱ ባር ሁለት ምት ነው) ሳይደርስ ክንዱ ይደርቃል፣ አውራ ጣቱ ቁልፉን ይደበድባል፣ ከዚያ ይቆማል።

መምህሯ በስልክ ቀረጹትና ምት ከሚጠብቀው መሣሪያ፣ ከሜትሮኖም ጋር አዳመጡት። ዋናው ዜማ በደቂቃ 96 ምት፣ አንደኛዋ 96፣ ሁለተኛዋም 96። ሦስተኛዋ ላይ 128 ገባ!

ነገሩ ሒሳብ ነው። አንደኛዋና ሁለተኛዋ በአንድ ምት አራት ኖታ አላቸው፣ መጀመሪያ በቀኝ፣ ቀጥሎ በግራ። ሦስተኛዋ ትሪፕሌት ናት፤ በምት ሦስት። ጣት የለመደውን ፍጥነት ካልለቀቀ ኖታው ባለበት ሲሄድ ምቱ ከ96 ወደ 128 ይዘላል። ልጁ መቸኮሉ አልታወቀውም፤ ጣቶቹማ አልፈጠኑም። አራተኛዋ ያንኑ ትሪፕሌት በግራ እጅ ይዛ ትቀጥላለች። አምስተኛዋ እረፍት የበዛባት፣ ኖታዋ ጥቂት ስለሆነ በ128ም ደስ ትላለች፤ ጥፋቱ የሚደበቀው እሷ ጋ ነው። ስድስተኛዋ ላይ በምት አራት ኖታ ተመልሶ ሲመጣ፣ በሰከንድ 6.4 ኖታ የለመደ እጅ 8.5 ይጠየቃል።

«ስድስተኛዋን ሳምንቱን ሙሉ እንዳትነካት» አሉት።

የሰጡት ሥራ አራት ባር ብቻ ነበር፦ የሁለተኛዋ መጨረሻ ሁለት ባር፣ የሦስተኛዋ መጀመሪያ ሁለት ባር፣ ሳያቋርጥ። ፒያኖው ሳይነካ በፊት ጉልበቱን እየመታ በአፉ ይለዋል። ለአራቱ ኖታ «አ-በ-ባ-ዬ»፣ ለሦስቱ «አ-በ-ባ»፣ ጉልበቱ ላይ ያለው ምት ሳይንቀሳቀስ። ሜትሮኖሙ በ72 ተጀመረና በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እያለ 96 ደረሰ። ከዚያ 48 ላይ ተደረገ፤ በባር አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚመታ ሁለተኛውን ምት ልጁ ራሱ መያዝ አለበት። ይኼኛው ነው ያስቸገረው። የአምስተኛዋን እረፍቶችም ጮክ ብሎ ቆጠራቸው፤ እረፍት ላይ የማይቆጥር ሰው ሁሌም ቀድሞ ይገባል።

በስምንተኛው ቀን ከመጀመሪያው ጀመረ። ስድስተኛዋ በ98 አለፈች፣ ሰባተኛዋ ላይ ሆኖ ፈገግ አለ። ስምንተኛዋ፣ ሚነሯ (ዜማው ወደ ሐዘንተኛ ቅኝት የሚዞርባት)፣ ላይ ሲደርስ 84 ወረደ። መምህሯ እርሳሳቸውን አነሡ።