0.055፦ ለኑክሌር ማመንጫ የሚገባውን ውሃ እንዴት እንደምፈትሽ

ለኑክሌር ማመንጫ ማሟያ የሚሆን ውሃ ከዲሚኔራላይዘር (ከውሃ ውስጥ የሟሙ ጨዎችን ከሚያስወግደው መሣሪያ) ሲወጣ የቀረበት ቆሻሻ የሚለካው በማይክሮግራም በሊትር ነው፤ ላብራቶሪ ውስጥ ፒፒቢ እንለዋለን። እንዲህ ያለ ውሃ ስፈትሽ ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ መሣሪያው አይደለም። ውሃው ከጠርሙሱም፣ ከአየሩም፣ ከእጄም ይልቅ ንጹሕ መሆኑ ነው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ላብ በሊትር 1 ግራም ገደማ ሶዲየም አለው። አንዲት የ50 ማይክሮሊትር ጠብታ ግማሽ ሊትር ጠርሙስ ውስጥ ብትገባ ናሙናው 100 ፒፒቢ ሶዲየም ያነብባል። ለምርመራ የምንጠቀምበት አንደኛ ደረጃ ውሃ ወሰኑ 1 ፒፒቢ ነው። ስለዚህ ዱቄት የሌለው የናይትራይል ጓንት አጠልቃለሁ፤ ጓንቱንም ራሱን በሚፈስሰው ውሃ አለቀልቀዋለሁ።

የመስታወት ጠርሙስ ለሶዲየምና ለሲሊካ (አሸዋ የተሠራበት ውህድ) አይሆንም፤ ሁለቱንም ከራሱ ይለቃል። የምጠቀመው የፖሊፕሮፒሊን ጠርሙስ ነው፤ ከአንድ ቀን በላይ በንጹሕ ውሃ ሞልቼ አሳድረዋለሁ፣ እስከምቀዳበት ድረስም ሙሉ ሆኖ ይቆያል። ናሙና መቅጃው ጋ ስደርስ ቫልቩን አልነካካም። ፍሰቱ ድንገት ሲለወጥ ቧንቧው ግድግዳ ላይ የተቀመጠው ዝገት ተነሥቶ ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚለካው ውሃው ሳይሆን ቧንቧው ነው። ቢያንስ 3 ጊዜ ሞልቼ እደፋለሁ፣ ከዚያ ጠርሙሱ ሞልቶ እየፈሰሰ ውስጡ ያለው ውሃ ደጋግሞ እስኪቀየር እጠብቃለሁ፤ ስከድነው አየር አላስቀርበትም።

ኮንዳክቲቪቲን፣ ማለትም ውሃው ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙን፣ ግን በጠርሙስ ወስዶ መለካት ከንቱ ድካም ነው። በ25 ዲግሪ ፍጹም ንጹሕ ውሃ 0.055 ማይክሮሲመንስ በሴንቲሜትር ያነብባል። ያንኑ ውሃ ቢከር ውስጥ ክፍት ትታችሁ ቁጥሩን ብትከታተሉ ሲያሻቅብ ታዩታላችሁ፤ ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየጠጣ 1 አካባቢ እስኪደርስ ይሄዳል፣ ፒኤቹም ወደ 5.6 ይወርዳል። ስለዚህ መለኪያው መስመሩ ላይ ተገጥሞ፣ ውሃው ከታች ወደ ላይ ሊያልፍበት ይገባል። ከላይ ወደ ታች ከሆነ የአየር አረፋ ኤሌክትሮዱ ላይ ይጣበቅና ቁጥሩን ዝቅ ያደርገዋል። ይህ ስሕተት ክፉ ነው፤ ውሃው ከእውነቱ ይልቅ ንጹሕ ስለሚመስል ማንም አይጠይቅም።

ሌላው ወጥመድ የሙቀት ማስተካከያው ነው። ብዙ መሣሪያዎች ከፋብሪካ ሲመጡ በዲግሪ 2 በመቶ ላይ ተስተካክለው ነው። ይህ ለጨዋማ ውሃ ልክ ነው፤ የንጹሕ ውሃ ለውጥ ግን በዲግሪ 5 በመቶ ገደማ ነው። በ20 ዲግሪ ንጹሕ ውሃ 0.042 ያነብባል። መሣሪያው በ2 በመቶ ሲያስተካክለው 0.047 ብሎ ይጽፋል፤ በ25 ዲግሪ እንዲህ ያለ ውሃ በተፈጥሮ የለም። ከ0.055 ያነሰ ቁጥር ካያችሁ አትደሰቱ፣ ማስተካከያውን ፈትሹ።

በእንፋሎቱ ወገን ደግሞ ዝገትን ለመከላከል አሞኒያ ወይም አሚን ስለሚጨመር ተራው ኮንዳክቲቪቲ ስለ ቆሻሻው ምንም አይነግርም። ናሙናውን በሃይድሮጅን መልክ ባለ የካታዮን ሬዚን (ፖዘቲቭ አዮኖችን ይዞ በምትካቸው ሃይድሮጅን በሚለቅ ጠጣር) ውስጥ አሳልፈዋለሁ። ሬዚኑ አሞኒያውን ይይዛል፣ ጨዉን ወደ አሲድ ይለውጣል፤ ሶዲየም ክሎራይድ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ሲሆን ምልክቱ ከ3 እጥፍ በላይ ይጎላል። አዲስ ሬዚን ቶሎ አይታመንም፣ ታጥቦ ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠበቃል።

ሲሊካ በኮንዳክቲቪቲ አይታይም፣ አዮን የመሆን ዝንባሌው ደካማ ነውና። ዲሚኔራላይዘሩ ውስጥ ያለው ቅልቅል ሬዚን (ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ አዮኖችን አብሮ የሚይዝ) ሲደክም ቀድሞ ከሚያመልጡት አንዱ እሱ ነው፤ መለኪያው 0.06 እያለ ሲሊካ ታንክ ሊገባ ይችላል። ለ50 ሚሊሊትር ናሙና 1 ሚሊሊትር በእኩል ውሃ የቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድና 2 ሚሊሊትር አሞኒየም ሞሊብዴት እጨምራለሁ። ልክ 5 ደቂቃ ሲሆን 1.5 ሚሊሊትር ኦክሳሊክ አሲድ፤ ይህ ፎስፌት የሚያመጣውን ቀለም ያጠፋል። ከ1 ደቂቃ በኋላ 2 ሚሊሊትር አሚኖ ናፍቶል ሰልፎኒክ አሲድ፣ 10 ደቂቃ ጥበቃ፣ ከዚያ ሰማያዊውን ቀለም በ815 ናኖሜትር ማንበብ። ናሙናው ቀዝቃዛ ከሆነ ቀለሙ ሳይሞላ ሰዓቱ ያልቃል፣ ውጤቱም ያንሳል። የተጠጋጋ ሲሊካን፣ ማለትም ኮሎይዱን፣ ይህ ዘዴ ጨርሶ አያየውም።

ክሎራይድን የምንፈራው ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ውጥረት ያለበትን ስቴንለስ ስቲል ስለሚሰነጥቅ ነው። ለግፊት ውሃ ሪአክተር ዋና ዑደት በአሜሪካ የቆየው ወሰን 150 ፒፒቢ ነው፤ ውሃው እዚያው በሚፈላበት ሪአክተር ግን ከ5 ፒፒቢ ሲያልፍ እርምጃ ይጀመራል። በአቡዳቢ እንዳለው እንደ ባራካ ባሉ በባሕር ውሃ በሚቀዘቅዙ ማመንጫዎች የኮንደንሰር (እንፋሎቱን ወደ ውሃ የሚመልሰው ክፍል) ቱቦ ቢያፈስ፣ መደበኛ ጨዋማነት ያለው 1 ሚሊሊትር የባሕር ውሃ 1 ሜትር ኩብ ውሃን 19 ፒፒቢ ክሎራይድ ያደርሰዋል። ይህን ያህል ትንሽ መጠን መለካት የሚችለው አዮን ክሮማቶግራፍ፣ ማለትም አዮኖችን ለያይቶ የሚለካ መሣሪያ፣ ነው፤ ትንሽ ናሙና ስለማይበቃው ብዙ ሚሊሊትር በማጠራቀሚያ ኮለም አሳልፌ ነው የማስገባው። መጠናቸው የታወቀ 5፣ 10 እና 20 ፒፒቢ ማመሳከሪያዎችን በየቀኑ አዲስ አዘጋጃለሁ፤ ያደረ ቀጭን ማመሳከሪያ አይታመንም።

ከናሙናዎቹ ጋር ሁልጊዜ አንድ ብላንክ ይዤ እወጣለሁ፤ በላብራቶሪው ንጹሕ ውሃ የተሞላ፣ መቅጃው አጠገብ ተከፍቶ የተከደነ ጠርሙስ። ብላንኩ 3 ፒፒቢ ክሎራይድ ካሳየ ከናሙናው ላይ ቀንሼ ውጤት አልጽፍም። የዕለቱን ጠርሙሶች በሙሉ ደፍቼ፣ በሌላ ጓንትና በሌሎች ጠርሙሶች እንደገና እቀዳለሁ።