«ጉድባይ» ጉዱ ብዙ ነው

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ እንግሊዝኛን ቃል በጅምላ መሸምደድ ትቼ አንድ አንድ ቃል እየያዝኩ ከየት መጣ፣ ድሮ ምን ማለት ነበር፣ ዛሬ ሰው መቼ ነው ሚለው እያልኩ ደብተር ላይ እያሰፈርኩ እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሰሞኑን የያዝኩት «ጉድባይ»ን ነው። ይሄን ማን ያጣዋል የምትሉ ትኖራላችሁ፣ ግን ትንሽ ታገሱኝ። እኔ የመረጥኩበት ምክንያት ከመሐል ሜዳ ወደ ጓሳ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ለማየት ለሚመጡ እንግዶች አንዳንዴ መንገድ ስለማሳይ፣ ሲለያዩ ምን እንደሚባባሉ ሳዳምጥ ይሄ እኛ ክፍል ውስጥ የተማርነው ቃል ካፋቸው ብዙም እንደማይወጣ ስላየሁ ነው።

መጀመሪያ ከአመጣጡ እንጀምር። «ጉድባይ» ድሮ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነበር፣ «ጎድ ቢ ዊዝ ዪ»፣ እግዚአብሔር ከእናንተ ጋር ይሁን ማለት ነው። ሰው በየደጃፉ ሲለው ሲለው በፈረንጆቹ 1500ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ላይ ተጨማዶ «ጎድብዋይ» ምናምን ሆነ፣ አጻጻፉም ወጥ አልነበረም፣ ሁሉም እንደሰማው ነበር ሚጽፈው። ከዛ «ጉድ ዴይ»፣ «ጉድ ኢቭኒንግ» የሚባሉት ሰላምታዎች አጠገቡ ስለነበሩ እነሱን እየመሰለ ሄዶ «ጎድ» የነበረው «ጉድ» ሆኖ ቀረ። «ባይ» ደሞ «ቢ ዊዝ ዪ» ተጨፍልቆ የቀረው ነው። ስለዚህ ዛሬ «ባይ» ብቻ ብለን ስንሄድ የእግዚአብሔር ስም ተቆርጦ «ከእናንተ ጋር ይሁን» የምትለዋ ጭራ ብቻ ነች አፋችን ላይ ያለችው።

ይሄ ለኛ ሰው እንግዳ ነገር አይመስለኝም። መንገደኛ ስንሸኝ «መንገዱን ጨርቅ ያርግልህ» እንላለን፣ ማነው ሚያረገው? ስሙን ማንም አልጠራም ግን ሁሉም ያውቀዋል። «ጤና ይስጥልኝ»ም እንደዛው ሰጪው አይጠራም። የኛ ግሶች «ያርግልህ» «ይስጥልኝ» ሲሉ ባለቤቱን በጉያቸው ይዘውት ስለሚዞሩ ማንም አይረሳውም፣ እንግሊዝኛው ግን ስሙ ላይ ሌላ ቃል ተለጥፎበት ብዙ ተናጋሪዎቹ ራሳቸው ምርቃት እያሉ እንደሆነ አያውቁም። ለአንድ እንግዳ ይሄን ነግሬው ቆም ብሎ ስልኩ ላይ ፈልጎ ነው ያመነኝ።

ሌላ ደስ ያለኝ «ዪ» የምትለው ነች። ያኔ እንግሊዝኛ ውስጥ ለአንድ ቅርብ ሰው «ዛው» ይባላል፣ ለብዙ ሰው ወይም ለትልቅ ሰው ደሞ «ዪ» እና «ዩ»፣ ማለትም የኛ አንተ፣ እናንተ እና አንቱ እንደማለት። ኋላ ላይ «ዛው» ከዕለት ንግግር ጠፍቶ ሁሉም «ዩ» ሆነ። እዚህ መንዝ ሽማግሌን አንተ ብሎ ሚደፍር ስለሌለ «ጉድባይ» ውስጥ አንድ አንቱታ ተደብቋል ብዬ ለአባባ ስነግራቸው እንግሊዝኛን ያከበሩት ያኔ ነው።

ከቀደምቶቹ የጽሑፍ ማስረጃዎች አንዱ የካምብሪጁ ምሁር ገብርኤል ሃርቪ በፈረንጆቹ 1573 አካባቢ የጻፈው ደብዳቤ ነው፣ አንድ ጋሎን «ጉድባይ» ለላክህልኝ ግማሽ ጋሎን «ሃውዲ» እመልስልሃለሁ ይላል። ሰላምታ እንደ ጠላ ሲሰፈር አስቡት። «ሃውዲ» ራሷ ከ«ሃው ዱ ዪ»፣ እንዴት ናችሁ ከሚለው ያጠረች ነች። በነገራችን ላይ «ሃሎ» በሰላምታነት ከ«ጉድባይ» በጣም ታናሽ ነው፣ ስልክ ሲመጣ ነው በደንብ የተስፋፋው፣ አሜሪካዊው ፈልሳፊ ኤዲሰን በፈረንጆቹ 1877 ለስልክ መጥሪያ «ሃሎ» ይሁን ብሎ ጽፏል፣ የስልክ ፈልሳፊው ግራሃም ቤል ደሞ የመርከበኞቹን «አሆይ» ነበር የመረጠው። የቤል ቢያሸንፍ እኛም ስልክ አንስተን አሆይ አሆይ ልንል ነበር።

ወደ አጠቃቀሙ ስንመጣ፣ ዋናው ያስተዋልኩት «ጉድባይ» ከባድ እንደሆነ ነው። ነገ ለሚገናኙት ሰው «ሲ ዩ»፣ «ባይ»፣ «ቴክ ኬር» ነው ሚሉት። ሙሉውን «ጉድባይ» ረጅም መለያየት ሲሆን፣ ወይ ወግ ባለበት ቦታ ይጠቀሙበታል፣ ድምፅህን ቁርጥ አርገህ ካልከው ደሞ ወሬው አልቋል፣ ከዚህ በላይ አታናግረኝ እንደማለት ሊሆን ይችላል። «ሴይ ጉድባይ ቱ ዩር መኒ» ካለህ ደሞ ብርህን እርሳው፣ ተሰናበተው እያለህ ነው። ስለዚህ «ደህና ሁን = ጉድባይ» ብለን የያዝነው ነገር ከፍቺው ይልቅ ክብደቱ ላይ ነው ችግሩ፣ «ደህና ሁን» ለጎረቤትም ለመንገደኛም ይሆናል፣ «ጉድባይ» ግን ወተት ልትገዛ ስትወጣ አይባልም።

እና ደብተሬ ላይ ቃል በቃል ማስቀመጥ ትቼ በሁኔታ መጻፍ ጀመርኩ። ማታ ስትለያይ «ጉድ ናይት»፣ ያውም ለመለያያ ብቻ፣ ማታ ስትገናኝ ግን «እንዴት አመሸህ» ለማለት «ጉድ ኢቭኒንግ» ነው፣ ይቺን ብዙ ሰው ያምታታታል፣ አንዱን ባንዱ ይተካል። «ደህና ሰንብት» ልኩ የሆነ አላገኘሁለትም፣ «ቴክ ኬር» ትንሽ ይቀርበዋል። «ጉድባይስ» ተብሎ በብዙ ቁጥርም ይመጣል፣ ስንብቱን በሙሉ ለማለት ነው፣ የኛን ዓይነት እሺ በቃ ተብሎ ተነስቶ ደጅ ላይ ሌላ ወሬ ተጀምሮ እስከ መንገዱ ሸኝቶ እዛም ቆሞ ሚያወራውን ስንብት ይገልጸዋል።

«ፌርዌል»ንም ነካ አርጌዋለሁ። «ፌር» በጥንቱ እንግሊዝኛ መጓዝ ነው፣ መናኸሪያ ረዳቱ ሚሰበስበው የመሳፈሪያ ሒሳብ «ፌር» የተባለውም ከዛው ነው፣ «ፌርዌል» ማለት በደህና ተጓዝ። ጣርማበር ጭጋግ ውስጥ ለሚገባ ሰው ልኩ እሱ ነበር፣ ግን ዛሬ የመሸኛ ፕሮግራምና ንግግር ላይ ነው ያለው፣ ከባስ ለሚወርድ ጓደኛህ ብትለው ሚስቅብህ ይመስለኛል።

«ቻው»ስ ያላችሁ እንደሆነ ጣሊያንኛ ነው፣ ሥሩ የቬኒስ ሰዎች «ባሪያህ ነኝ» ይሉት የነበረው ነው፣ አገልጋይህ ነኝ፣ እዘዘኝ ለማለት። መንዜ ይሄን ሲሰማ ቻው ማለት ሚተው ይመስለኛል፣ እኔ ግን ለምዶብኝ መተው አልቻልኩም።

አሁን የቀረኝ የስልክ አዘጋግ ነው። እኛ «እሺ፣ እሺ በቃ፣ እሺ ቻው፣ ቻው ቻው» ብለን ነው ቀስ እያልን ምንወጣው፣ እነሱ ምን ብለው እንደሚጀምሩ እያዳመጥኩ ነው፣ እስካሁን የያዝኩት «ኦኬ፣ አይል ሌት ዩ ጎ» የምትለዋን ነው፣ ልዝጋ እንደማለት ሳይሆን አንተን ላሰናብትህ አስመስላ ነው ምትዘጋው። ሌላ የምታውቁ ላኩልኝ። ቀጥሎ «ሆሊዴይ»ን ነው ምይዘው፣ እሱም «ሆሊ» እና «ዴይ» ነው፣ ቅዱስ ቀን፣ የመጀመሪያውን ገጽ ጀምሬዋለሁ።