የፀጉር ቫይታሚን

ሜሪላንድ ውስጥ በምሠራበት የምርምር ክሊኒክ የግሬቭስ ሕመምተኞችን እየመዘገብን ነበር። ግሬቭስ ማለት የሰውነት የራሱ ፀረ እንግዳ አካላት አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ ዕጢ ከልክ በላይ የሚያሠሩበት ሕመም ነው። የሚሞከረው መድኃኒት የታይሮይድ ዕጢን እረፍት የሚነሱትን ፀረ እንግዳ አካላት ከደም የሚቀንስ ነው። የተለመዱት ሕክምናዎች፣ ኪኒኑም፣ ራዲዮአክቲቭ አዮዲኑም፣ ቀዶ ሕክምናውም ዞሮ ዞሮ የሚመቱት ዕጢውን ነው። ይሄኛው ነገሩን ከምንጩ ሊይዝ ነው የታሰበው። ሁላችንም ጓጉተናል። ተመዝጋቢ ግን እንደ ልብ አይገኝም።

አንዲት ሀበሻ እናት መጡ። ውጤታቸው ላይ የፈለግነው ሁሉ አለ፦ ዕጢውን ሥራ የሚያዘው ሆርሞን፣ ቲኤስኤች፣ ከዜሮ ፈቅ አላለም፣ ዕጢው የሚያመነጨው ቲ4 ከፍ ብሏል፣ ፀረ እንግዳ አካሉም ፖዘቲቭ። ሐኪሙ ፊቱ በራ። እኔ ግን ለድጋሚ ምርመራ ደም ልቀዳ እጃቸውን ይዣለሁ። እንደ ግሬቭስ ሕመምተኛ እጅ አይንቀጠቀጥም፣ አላላበውም። የልብ ምታቸውም አልፈጠነም፣ 68። ይህንን ስነግረው ሐኪሙ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሳ፣ «ማሽን ሦስቱም ላይ አንዴ አይሳሳትም። አንተ ደሙን ቅዳ» አለኝ።

ቀዳሁ። እየቀዳሁም ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«ኧረ ምንም! በስልክ ለምታስተረጉመዋም ልጅ ነግሬያታለሁ።»

«ቫይታሚንስ?»

«እሱ ደግሞ መድኃኒት ነው እንዴ ልጄ? ለፀጉሬ ነው እንጂ።»

ብልቃጡን ከቦርሳቸው አወጡት። ባዮቲን፣ 10,000 ማይክሮግራም። ላዋቂ ሰው በቀን 30 ይበቃል።

ብዙ የላብራቶሪ ማሽኖች ምርመራውን የሚሠሩት ራሱን ባዮቲንን እንደ ማያያዣ ተጠቅመው ነው። ደም ውስጥ ሲትረፈረፍ ማሽኑ ይወናበዳል። ቲኤስኤችን ዝቅ፣ ቲ4ንና ፀረ እንግዳ አካሉን ከፍ አድርጎ ያሳያል። ምኑም ያልጎደለው የውሸት ግሬቭስ! የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ባዮቲን የላብራቶሪ ውጤት እንደሚያዛባ በ2017 አስጠንቅቋል። ማሽን አይሳሳትም ለሚል ሰው ግን ማን ያንብብለት?

ቫይታሚኑን አቁመው በሳምንቱ ስንደግመው ሁሉም ልክ ሆነ። በስብሰባው ላይ ሐኪሙ ተነስቶ፣ «ምልክቱና ውጤቱ አልገጥም ሲለኝ ጠረጠርኩ» አለ። ተጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ፤ የቤት ኪራይ አለብኝ። ቅጹ ላይም «ቫይታሚን» የምትል መስመር ተጨመረች።

የምሥራቹን ለእማማ የደወልኩት እኔ ነኝ። ጤነኛ ነዎት፣ ሙከራው ውስጥ መግባት አያስፈልግዎትም አልኳቸው።

«ታዲያ በየቀጠሮው ይሰጣል የተባለው ገንዘብም ቀረ?»

«ቀረ፣ እማማ።»

«እና አንተን ማን ጠይቅ አለህ?»